በኮከቡና በዜሮው መካከል

ጋሼና ባለቤታቸው ጥር ላይ ለስድስት ሳምንት አዲስ አበባ ሲሄዱ፣ በምንኖርበት የፈረንጅ ከተማ ዳር ያለውን የዞሰንሃይም ቤታቸውን ቁልፍ ለእኔ ሰጡኝ። ጋሼ የጉባኤያችን ሽማግሌ ናቸው እንጂ ዘመዴ አይደሉም። በዚያ ከተማ የቤት ቁልፍ አምኖ የሰጠኝ የመጀመሪያው ሰው ግን እሳቸው ናቸው። ቧንቧው በረዶ ሠርቶ እንዳይፈነዳ፣ ማሞቂያውም በከንቱ እንዳይነድ አደራ አሉኝ።

ሁለቱን ማስማማት ይቻላል። ማንም አላስተማረኝም፤ ከቤተ መጻሕፍት በተዋስኩት መጽሐፍ፣ ያልገባኝን ቃል እየፈታሁ የደረስኩበት ነው። ምድር ቤት ወርጄ ዋናውን የውኃ መዝጊያ ዘጋሁ፤ ቧንቧዎቹን ከፍቼ የቀረውን ውኃ አፈሰስኩ። ከዚያ ማሞቂያዎቹን ሁሉ ኮከቡ ላይ አደረግኩ። ማዞሪያው ላይ ከዜሮ ቀጥሎ ትንሽ ኮከብ ተስላለች፤ እዚያ ሲሆን ክፍሉ ወደ በረዶ ካልተጠጋ በቀር ማሞቂያው አይነሳም። የወጥ ቤቱን ብቻ አንድ ቁጥር ላይ ተውኩት፤ የውኃው ቧንቧ በሰሜን በኩል ባለው በውጪው ግድግዳ ውስጥ ያልፋልና። በየሦስት ቀኑ እየሄድኩ ቴርሞሜትሩን አይቼ ደብተሬ ላይ እጽፍ ነበር።

በአራተኛው ሳምንት ጓደኛዬ ቁልፉን ለአንድ ቅዳሜ ለመነኝ። ለወጣቶች ኅብረት ምሳ ወጥ የሚሠራው እሱ ነበር፤ ቦከንሃይም ሰፈር አብረውት የሚኖሩት ልጆች ግን የቁሌቱ ሽታ ልብሳችን ውስጥ ገባ እያሉ አስቸግረውታል። እኔ ቅዳሜ ኤርፖርት የሥራ ፈረቃ፣ ሺሽት፣ ነበረኝ፤ አብሬው መሆን አልችልም። እንቢ እንዳልል፣ አገሩን ሳላውቅ በየቢሮው ቀጠሮ፣ በየቴርሚኔ፣ እየተከተለ ያስተረጎመልኝ እሱ ነው።

«መሐንዲሱ፣ ቤቱን ሙዚየም አደረግኸው እኮ» አለኝ እየሳቀ። «ድስት ጥጄ እወጣለሁ፣ በቃ።»

ቁልፉን ሰጠሁት። ሁሉንም እንደነበረ እንዲመልስ ነገርኩት፤ እሺ አለ። ማታ ሲመልስልኝ ሁሉም በቦታው ነው አለኝ፤ አመንኩት።

ከዚያ ብርዱ ጠነከረ። በሦስተኛው ቀን ሄጄ ማየት ነበረብኝ፤ ሺሽት ስለተደረበብኝ አልሄድኩም። ብርዱ ለቀቅ ባለ ማግስት በሩን ስከፍት የውኃ ድምፅ ሰማሁ። በውጪው ግድግዳ ያለው ቧንቧ ፈንድቶ የወጥ ቤቱ ወለል ተጥለቅልቋል። የዋናው ውኃ መዝጊያ ክፍት ነው። ከእቃ ማጠቢያው በላይ ያለው መስኮት፣ ሽታው እንዲወጣ፣ በላይ በኩል ዘንበል እንዳለ ቀርቷል። የማሞቂያዎቹ ማዞሪያዎች በሙሉ ከኮከቡ አልፈው ዜሮ ላይ ናቸው።

ስደውልለት ደነገጠ። ዜሮ ያደረገው ለመቆጠብ ብሎ እንደሆነ ነገረኝ፤ መዝጊያውንና መስኮቱን ረስቷቸዋል። ጋሼ ሲመጡ ራሱ እንደሚነግራቸው፣ እኔ ዝም እንድል ለመነኝ። ዝም አልኩ። ወለሉን ሳደርቅ ሁለት ቀን ፈጀብኝ፤ እሱ አልመጣም።

ጋሼ በተመለሱ በመጀመሪያው እሑድ፣ ከአምልኮ በኋላ አዳራሹ ውስጥ እኔና ጓደኛዬ ወንበር እያነሳሳን ሳለ ወደ እኛ መጡ። የፈነዳውን ቧንቧ አይተው ኖሮ፣ ቁልፉን ለሰው ሰጥቼ እንደሆነ ጠየቁኝ። ጓደኛዬን አየሁት፤ እንዲጀምር ጠበቅኩት። እሱ ወንበሩን ማጠፍ ቀጠለ።

«ለእሱ ሰጥቼዋለሁ» አልኩ።

ጋሼ ወደ እሱ ዞሩ። «ቤቴ ገብተህ ነበር?»

«እኔ? ኧረ ጋሼ፣ እኔ ቁልፉንም አላየሁት።» ከዚያ በሐዘኔታ አየኝ። «ደንግጦ ነው፣ አይፍረዱበት።»

ደብተሩ በኮቴ ኪስ ውስጥ ነበር። ቁልፉን የሰጠሁበት ሰዓት፣ የተመለሰበትም ሰዓት ተጽፏል። ጽሑፉ ግን የእኔው እጅ ነው። እሱ መዝሙር የሚመራ፣ ሁሉ የሚስቅለት ሰው ነው፤ እኔ የማልናገር። ጋሼ አልተቆጡኝም። እጃቸውን ብቻ ዘረጉ፤ ቁልፉን መዳፋቸው ላይ አስቀመጥኩ።

በቀጣዩ ዓመት ጥር ላይ ስልኬ ጠራ። ጓደኛዬ ነው፤ ከዚያ እሑድ ወዲህ ከሰላምታ ያለፈ ነገር ተነጋግረን አናውቅም። ጋሼ እንደገና ሄደዋል፣ ቁልፉ እሱ ጋ ነው።

«መሐንዲሱ፣ ይሄ የምድር ቤቱ መዝጊያ ወዴት ነው የሚዞረው?»

ስልኩን ልዘጋበት ነበር። ቤቱ ግን የጋሼ ነው።

«ወደ ቀኝ፣ እስኪያቆም። ማሞቂያዎቹን ኮከቡ ላይ አድርግ፤ ዜሮ እንዳታደርግ።»

«እሱንማ አውቃለሁ፤ ባለፈው ዜሮ አድርጌው አይደል...»

ቀሪውን ዋጠው። በስልኩ ውስጥ መዝጊያው እየጮኸ ሲዞር ይሰማኝ ነበር።

«አቆመ?» አልኩት።

«አቆመ» አለኝ፤ ስልኩን ዘጋው።