ሁለት ጊዜ የተሸጠው ሞተር

የውጫሌው ጌታሁን አንድ ሞተር ሳይክል ለሁለት ሰው ሸጠ። የመጀመሪያው ገዥ እኔ ነበርሁ። ሌባ የተባልሁትም እኔ ነኝ። ነገሩ የጀመረው በ1973 ዓ.ም. ጥቅምት ላይ፣ ሐይቅ ገበያ ውስጥ ነው። ይህን ያህል ዘመን አልፎም ያልረሳሁት ሞተሩን ስለወደድሁት አይደለም። በገዛ እጄ፣ እየሳቅሁ፣ ማስረጃዬን ላጭበርባሪ ስላስረከብሁ ነው።

ያን ጊዜ ዓሣ እነግድ ነበር። ጠዋት ሐይቁ ዳር ከአስጋሪዎች እገዛለሁ፣ ደሴ ላሉ ምግብ ቤቶች አደርሳለሁ። በበቅሎ ስሄድ ፀሐይ ትቀድመኛለች፤ ዓሣው መንገድ ላይ ይበላሻል። በአውቶቡስ ስሄድ ረዳቱ «ይሸታል፣ ውረድ» ይለኛል። ሞተር ያለው ሰው ግን ሳይሞቅ ደሴ ይገባል። ሐሳቤ ይህ ነበር።

ማንበብ አልችልም ነበር። ይህን ለመናገር አላፍርም፤ ያሳፈረኝ ሌላ ነው።

ጌታሁን ድሮ በመሥሪያ ቤት ሥራ ገጠር ለገጠር ይዞር የነበረ ሰው ነው። ሞተሩ የራሱ ነው፤ ሊብሬው፣ ማለት የባለቤትነት ደብተሩ፣ በስሙ ነው። ሥራውን ለቆ ከአምባሰል ደጋ እህል እየገዛ መነገድ ጀምሮ ነበር። እዚያ ላይ ሞተር የሚሄድበት መንገድ የለም። ስለዚህ ሞተሩን በበቅሎ ሊለውጥ ይፈልጋል ብሎ የነገረኝ ደላላው አያ ይመር ነው።

አያ ይመር ዕድሜውን ሙሉ በቅሎ ሲያሻሽጥ የኖረ ሽማግሌ ነው። ሞተር አሻሽጦ አያውቅም። እኔም ገዝቼ አላውቅም። ስለዚህ ሁለታችንም የምናውቀውን አደረግን፤ ሞተሩን እንደ በቅሎ መረመርነው። ጎማውን እንደ ኮቴ አየነው። መቀመጫውን ጀርባ እንደሚዳሰስ ዳሰስነው። ያነክስ እንደሆነ ብለን ጭነት ጭነንበት ጌታሁንን ዳገት አስወጣነው፣ ቁልቁለት አስወረድነው። አያ ይመር ጎንበስ ብሎ ጭሱን አሸተተና «ትንፋሹ ደህና ነው» አለኝ። እውነትም ደህና ነበር። እንከኑ ከሞተሩ አልነበረም። የሻጩን ጥርስ የቆጠረ ግን የለም።

ዳማ በቅሎዬን ሰጥቼ የሁለት በሬዎቼን ሽያጭ ጨመርሁበት። እጅ ለእጅ ተማታን። ወረቀት አልተጻፈም። በኛ ገበያ ከብት ሲሸጥ ምስክር ይበቃል።

የሞኝነቴ ልክ እዚህ ላይ ነው። በኛ አገር ከብት የሸጠ ሰው ገመዱን አይሰጥም። ከብቱ ይሄዳል፣ ገመዱ ከሻጩ ቤት ይቀራል፤ ረድኤቱ አብሮ እንዳይነዳ ነው። እኔም የበቅሎዋን ገመድ ፈትቼ ትከሻዬ ላይ ጣል አደረግሁት። ጌታሁን ይህን አየና ሊብሬውን ከኪሱ አወጣ።

«እንድሪስ፣ አንተ ገመድህን ካስቀረህ እኔስ ገመዴን ላላስቀር ነው? የኔው ገመድ ይህቺ ናት» አለኝ።

አያ ይመር ሳቀ። «ሐቁን ነው! ገመድ የባለቤቱ ነው» አለ።

እኔም ሳቅሁ። «ወላሂ፣ ያዛት» አልሁት። ደብተሯን መልሶ ኪሱ ከተታት። በራሱ ገመድ በቅሎዬን እየሳበ ሄደ።

ስምንት ወር ነዳሁት። መጀመሪያ ሰሞን ሁለት ጊዜ ቁልቋል ውስጥ ከቶኛል፤ ኋላ ለመድሁ። ኬላ ላይ ያሉት ስለሚያውቁኝ ሊብሬ ብለው ጠይቀውኝ አያውቁም። ያንን የአውቶቡስ ረዳት መንገድ ላይ ስቀድመው ጡሩምባ እነፋበት ነበር።

ሰኔ ላይ አስፋልቱ ዳር ሁለት ፖሊሶች አስቆሙኝ። አብሯቸው አንድ መምህር ነበር። ሞተሩን ከጌታሁን ገዝቻለሁ አለ። ሊብሬው በእጁ ነው፤ ስሙም ዞሮለታል። ጌታሁን «አንድ የሐይቅ ዓሣ ነጋዴ ተውሶኝ አልመልስም ብሏል፤ ከፖሊስ ጋር ሄደህ ተቀበለው» ብሎ ነው የሸጠለት።

«ገዝቼው ነው» አልሁ።

«ሊብሬህስ?» አለኝ አንደኛው ፖሊስ።

«ሻጩ አስቀርቶታል።»

«ለምን ያስቀራል?»

«ገመዱ ነው ብሎ።»

ፖሊሶቹ ሳቁ። መምህሩ አልሳቀም። እብድ እንደሚታይ አየኝ።

ሦስት ቀን ታሰርሁ። መዝገብ ላይ የሰው ንብረት ሰርቋል ተብዬ ተጻፍሁ። አያ ይመር ዋስ ሆኖ አስወጣኝ። ልመስክር ቢላቸው «አንተ ደላላው ነህ፣ ጥቅም አለህ» አሉት። ጌታሁን ተጠርቶ መጣ። ዓይን ዓይኔን እያየ «አዋስሁት እንጂ አልሸጥሁለትም» አለ። በቅሎዬን ሳነሣበት «የምን በቅሎ? እኔ ያለችኝ በቅሎ ከባቲ ገበያ የተገዛች ናት» አለ። ፖሊሶቹ የንብረት ክርክር ነው፣ ሸንጎ ይየው ብለው ሞተሩን ግቢያቸው ውስጥ አቆሙት።

የቅሬያችን፣ ማለት የዕድራችን፣ ድስትና ድንኳን የሚቀመጥበት ቤት ቁልፍ እኔ ዘንድ ነበር። ሰው ሲሞት የምከፍተው እኔ ነኝ። አንድ ዓርብ ከስግደት በኋላ ሁለት የቅሬው ሽማግሌዎች ቤቴ መጡ።

«እንድሪስ፣ እኛ አንተን ጠርጥረን አይደለም። ለሰው አፍ ነው» አሉኝ።

ባለቤቴ ዘሀራ ከጓዳ ወጣች። «ለሰው አፍ ከሆነ የሰውን አፍ ቆልፉበት!» አለቻቸው።

ቁልፉን ሰጠኋቸው። ሞተሩ ቢቀር ይቅር። ከዚያ ቀን ወዲህ የፈለግሁት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ጌታሁን በሰው ፊት «ሸጬለታለሁ» እንዲል።

መሠረተ ትምህርት የገባሁት በዚያው ክረምት ነው። ለዕውቀት ብዬ አይደለም። የኔን ወረቀት ሌላ ሰው እንዳይይዝልኝ፣ ሌላ ሰው እንዳያነብልኝ ብዬ ነው። በአርባ አንድ ዓመቴ ሀሁ ስል ዓመት ፈጀሁ። መጀመሪያ የጻፍሁት ነገር ለፍርድ ሸንጎው ያስገባሁት ማመልከቻ ነው። ግማሽ ገጽ ለመሙላት ሁለት ቀን ወሰደብኝ።

የሸንጎው ጸሐፊ ፊደሌን አይቶ «ይህን ማን ጻፈልህ?» አለኝ።

«ሌባው» አልሁት።

ሸንጎው የተሰየመው በ1975 ኅዳር ላይ ነው። ሊቀ መንበሩ ገበሬ ነው። ሁለታችንንም ሰማ። ጌታሁን የባቲውን ተረት ደገመ። ሊቀ መንበሩ በቅሎዋን ይዞ እንዲመጣ አዘዘው፤ በሳምንቱ እየጋለባት መጣ። ጋማዋ ተላጭቷል፣ ከስታለች። ሁለት ዓመት አልፏል፣ በቅሎ ይረሳል ብሎ ይሆናል። የገበያ ሰው እንጂ የከብት ሰው አልነበረም።

«ኮርቻዋን አውርዱ» አለ ሊቀ መንበሩ። «ሞተሩ አፍ የለውም። ለማንም ይነሣል። በቅሎ ግን ቤቷን ታውቃለች። ልቀቋት፤ ማንም እንዳይነዳት።»

ቤቴ ገበያውን አልፎ ወደ ሐይቁ በሚወርደው መንገድ ላይ ነው፤ ከሸንጎው ቦታ አይታይም። በቅሎዋ ተለቀቀች። ቆመች። ጆሮዋን አራገበች። ከዚያ ሣር መጋጥ ጀመረች።

«ረሃብተኛ ናት እንጂ ምስክር አይደለችም» አለ ጌታሁን። ሰው ሳቀ።

ቀና አለችና ወደ አስፋልቱ፣ ወደ ውጫሌ አቅጣጫ ሄደች። በቃ አለቀልኝ አልሁ። አያ ይመር ክንዴን ጨበጠኝ። «ዝም በል። ውሃ ሸቷት ነው» አለኝ።

ቧንቧው ሥር ከተጠራቀመው ጠጣች። ከዚያ ዞረች። በወፍጮ ቤቱ በኩል፣ በመስጊዱ ጀርባ፣ ማንንም ሳታይ ቁልቁል ወረደች። ሸንጎው ሁሉ ከኋላዋ ነው፤ ሊቀ መንበሩም መዝገቡን ታቅፎ ይከተላል። የአጥሬ በር ክፍት ነበር። ገብታ ድሮ የምትቆምበት ቦታ ላይ ጀርባዋን ለሰው ሰጥታ ቆመች።

ዘሀራ ብቅ አለች። ያን ሁሉ ሰው አላየችውም። «አንች! እስካሁን የት ከረምሽ?» አለቻት።

ጌታሁን ጉሮሮውን ጠረገ። «እንግዲህ በቅሎዋን ከዚህ ሰውዬ ሳልገዛት አልቀረሁም። ባቲ ያልሁት ተምታቶብኝ ነው» አለ።

«በቅሎ ማን እንደሸጠልህ የረሳህ ሰው፣ ሞተር ለማን እንደሸጥህም ረስተህ ይሆናል» አለ ሊቀ መንበሩ። «አስታውስ። እንጠብቅሃለን።»

ይህን ብሎ ግቢዬ ውስጥ ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። ሁሉም ተቀመጠ። ጌታሁን ብቻውን ቆሞ ቀረ። በመጨረሻ፣ መሬት መሬት እያየ፣ «ሸጬለታለሁ» አለ። ስላልተሰማ ሁለተኛ አስባሉት።

በቅሎዋ ለኔ ተመለሰች፤ የበሬዎቹም ምትክ ተወሰነልኝ። ሞተሩ ለመምህሩ ሆነ። እሱም ተታሎ ነው የገዛው፣ ደብተሩም በስሙ ነው። ሁለት ክረምት ዝናብ ስለደበደበው አልነሣ አለው ሲሉ ሰማሁ። አላዘንሁም፣ ደስም አላለኝም። የቅሬው ሽማግሌዎች ቁልፉን ይዘው መጡ። አልተቀበልሁም። አሁንም ሌላ ሰው ዘንድ ነው። ጌታሁን ገበያ ስንገናኝ ሰላም ይለኛል፤ አልመልስለትም። «ያለፈ ነው፣ ይቅር በለው» የሚሉኝ አሉ። ለነሱ አልፏል። ያገለገለ ሞተር ከሰው እጅ ልትገዛ ካሰብህ ጭሱን ማሽተት ትተህ መጀመሪያ ደብተሩን በስምህ አዙር። ራስህም አንብበው።

ሸንጎው ቢፈርድልኝም ፖሊስ መዝገብ ላይ ገና ሌባ ነበርሁ። ሦስት ወር ተመላለስሁ። በመጨረሻ የመዝገብ ጸሐፊው «ተሰርዟል፣ ሂድ» አለኝ።

«ልየው» አልሁት።

«ተሰርዟል አልሁህ እኮ።»

«ሰምቻለሁ። ልየው።»

መዝገቡን ገልጦ ወደኔ አዞረው። በጣቴ እየተከተልሁ አነበብሁ። ክሱ ላይ በቀይ ቀለም አንድ መስመር ተሰምሯል። ከጎኑ «ነጻ» ይላል። ከሥሩ ቀኑ አለ፤ የካቲት 9 ቀን 1975 ዓ.ም.።