በጆሮዬ የፈረድኩበት ጠገራ

የያዙኝ ፍኖተ ሰላም ገበያ ውስጥ፣ ሳጥኔ ፊት ተቀምጬ ሳለሁ ነው። ሳጥኑ ላይ ሰባት ጠገራ ብር፣ ትንሽ ሚዛን፣ አጉሊ መነጽርና የዓይን መነጽሬ ነበሩ። መሣሪያ የያዙ ሁለት ሰዎች መጡ። አንደኛው «አባት ይነሱ፤ ለጥያቄ ይፈለጋሉ» አለኝ። በትሕትና ነው የተናገረው። ብሮቹን በጨርቅ ጠቅልሎ ያዛቸው። መነጽሬን ላነሳ እጄን ስሰድ «ተዉት፤ አሁን ይመለሳሉ» አለ። መነጽሩ እዚያው ቀረ። የተመለስኩት ከአምስት ወር በኋላ ነው። በእነዚያ ወራት የተጠየቅኩት ሁለት ጊዜ ብቻ ነው፤ ሁለቱንም ጊዜ ጥያቄው ብሩን ለማን እንደምሸጥ ነበር።

ስለ መነጽሩ የጻፍኩት ያለ ምክንያት አይደለም።

ስለ ራሴም ጥቂት መናገር አለብኝ። ፊደል የቆጠርኩት ቤተ ክርስቲያን ቅጥር ውስጥ ነው፤ የቀረውን ሁሉ ያስተማርኩት ራሴን ነው። አሮጌ ብር በመለየት አርባ ዓመት ኖሬአለሁ። ከባሕር ዳርና ከአዲስ አበባ የሚመጡ ሰብሳቢዎች እኔን ሳያማክሩ አይገዙም። አንድ ጊዜ በዩኒቨርሲቲ የሚያስተምር ሰው ሁለት የምኒልክ ብር ይዞ መጣና፣ አንዱ ቅብ ነው ብዬ ስነግረው ተቆጣ። የአንበሳው ጉልበት ላይ፣ እጅ በብዛት በሚነካው ቦታ፣ ቀይ መዳብ ብቅ ማለቱን አሳየሁት። ባርኔጣውን አውልቆ እጅ ነስቶኝ ሄደ። ይህን ያነሳሁት ለመኩራራት አይደለም። ለመኩራራትም ቢሆን እውነት ነው።

ያስገቡን ቤት የማዳበሪያ መጋዘን ነበር። በሩ ሲከፈት መጀመሪያ ያገኘኝ ሽታው ነው፤ አፍንጫ ይወጋል። ወለሉ ሲሚንቶ ሲሆን በየስንጥቁ ነጭ ዱቄት ቀርቷል። ከጣራው ሥር ሁለት ጠባብ መስኮቶች አሉ። ስልሳ የምንሆን ሰዎች ነበርን። ከመስኮቱ ሥር ያለው ቦታ አየርም ብርሃንም ስላለው ሁሉም ይመኘዋል። ወጣቶቹ በሦስተኛው ቀን ለእኔ ለቀቁልኝ፤ ስለ ብር ሳወራ መስማት ይወዱ ነበር።

«ፋዘር፣ ዛሬስ የየትኛው ብር ተራ ነው?» ይሉኛል።

እኔም እነግራቸዋለሁ። ብር ሦስት ምስክር አለው እላቸው ነበር፤ ዓይን፣ ሚዛንና ጆሮ። «ዓይን ይሳሳታል፤ ሚዛን ይጭበረበራል፤ ጆሮ ግን አይዋሽም። ዓይኔን ቢያወጡት በጆሮዬ እለያለሁ!» በእውነቱ ያን ጊዜ አጠገቤ የተቀመጠውን ሰው ፊት የማየው በጭስ ውስጥ እንዳለ ነበር። ያንን ለማንም አልነገርኩም።

ከጎኔ የሚቀመጡት ከቡሬ ወዲያ ካሉ አጎራባች ቀበሌዎች የመጡ ሁለት ገበሬዎች ነበሩ። አንዱ አጭርና ጢማም፣ ሌላው ረጅም ነው። በአንድ ጋቢ ይተኛሉ፤ ከአንድ ፌስታል ይበላሉ። ምስጢር ሲኖራቸው በአገውኛ ይነጋገራሉ፤ እኔ አገውኛ አልሰማም። ረጅሙ በምግብ ሰዓት ሁልጊዜ ከጀሪካኑ ውሃ ቀድቶ አስቀድሞ የእኔን እጅ ያስታጥበኛል፤ ከሁሉ በዕድሜ ስለምበልጥ።

አንድ ሐሙስ ጢማሙ ታሪካቸውን ነገረኝ። በቤታቸው መካከል ደም ነበረ። የረጅሙ አያት የጢማሙን አያት በድንበር ጠብ ገድሎት ነበር። ሽማግሌ ገብቶ ደሙ ደረቀ፤ ካሳው በከብትና በጠገራ ተከፈለ።

«አሁን የበኩር ልጄን ክርስትና ያነሳልኝ እሱ ነው» አለ ወደ ረጅሙ እየጠቆመ። «ከብቱም ብሩም አለቀ። አንዷን ግን አባቴ ለምልክት አስቀራት። ‹ደም መድረቁን ልጅ ሲጠይቅ ይቺን አሳየው› አለኝ።»

ከማተቡ ጋር ከታሰረች ትንሽ የቆዳ ከረጢት ብሩን አወጣ። ፈታሾቹ ክታብ መስሏቸው ትተውለት ነበር።

«እስቲ ይዩልን አባቴ። እንደ እርስዎ ያለ አዋቂ ገጥሞን አያውቅም።»

ሰው ተሰበሰበ። ብሩን ተቀብዬ በመዳፌ መዘንኩት። ዓይኔ ብሩ ላይ የተቀረጸችውን የሴትዮዋን ምስል በጉም ውስጥ እንዳለ ቋጥኝ ነበር የሚያየው። ልኩን የሚያውቅ ሰው በዚያ ሰዓት «መነጽር አምጡልኝ» ይል ነበር። እኔ በጣቴ ጫፍ ላይ አቆምኩትና በማንኪያ ጀርባ መታሁት።

ደህና ጠገራ ሲመታ እንደ ቃጭል ድምፁ ይዘልቃል። ይህ «ጥክ» ብሎ ሞተ። ደገምኩት። ጥክ።

ስልሳ ሰው ዝም ብሎ አፌን ይጠብቅ ነበር። ያ ዝምታ ለእኔ ማር ነው።

«እርሳስ ነው» አልኩ። «ብር የተቀባ እርሳስ። አታለዋችኋል።»

ረጅሙ ቀስ ብሎ «አያቴ ከአንገቷ ነው የፈታችው ይባላል። ለቆጠራው አንድ ጎድሎ ነበርና» አለ።

«የሴት አንገት እርሳስ መሸከሙ አዲስ ነገር ነው እንዴ?» አልኩት። ወጣቶቹ ሳቁ። በሳቃቸው ደስ አለኝ።

ጢማሙ አልጮኸም። ረጅሙን አየውና «ያያቴን ደም በእርሳስ ነው የገዛችሁት» አለው።

«እኔ የሰማሁትን ነው ያልሁህ» አለ ረጅሙ።

«በል እንግዲህ። እሁድ ወንድሜ ስንቅ ይዞ ይመጣል። ይስማ። ከዚያ ወዲያ እሱ ያውቃል።»

«እሱ ያውቃል» ማለት ምን እንደሆነ በዚያ መጋዘን ውስጥ ያልገባው ሰው አልነበረም። ወንድሙ ጠመንጃ አለው። የረጅሙ ሁለት ወንዶች ልጆች ደግሞ እዚያው አገራቸው፣ ሁለቱን ቀበሌ ከሚለየው ወንዝ ማዶ ናቸው።

ጢማሙ ብሩን ጭኔ ላይ ጣለው። «ይያዙት። ከማተቤ ጋር አይውልም።» ጋቢውንም ይዞ ወደ ሌላው ግድግዳ ሄደ። ረጅሙ ከሽንት በርሜሉ አጠገብ ባዶ ቦታ አገኘ።

በማግስቱ ዓርብ፣ ፀሐይ በመስኮቱ ስትገባ፣ አብረውን የታሰሩትን ቄስ መነጽራቸውን ለመንኳቸው። «ዳዊት ልድገም» አልኩ። ዳዊቱን ከፍቼ፣ በገጹ ውስጥ ብሩን ደብቄ አየሁት።

መጀመሪያ ጠርዙን አዞርኩት። በዙሪያው ፊደሉና በፊደሎቹ መካከል ያሉት አበባ መሰል ጌጦች ጥርት ብለው ታዩ። እርሳስ የሚያቀልጥ አጭበርባሪ ያንን ጠርዝ ማውጣት አይችልም፤ ለደንበኞቼ ስንት ጊዜ ነግሬአለሁ። የሴትዮዋ አፍንጫና ጉንጭ አልቋል፤ ያለቀውም በደረት ላይ ሲታሽ እንደኖረ ብር፣ ለስለስ ብሎ ነው። ከዚያ ከራሷ በላይ፣ የምስር ፍሬ የምታህል ደብዛዛ ክብ አየሁ። በጥፍሬ ነካኋት፤ ለስላሳ ናት።

ቀዳዳ ነበር። በእርሳስ የተደፈነ ቀዳዳ።

ሴቶች ብርን በክር አንገታቸው ላይ ሊያንጠለጥሉት ይበሱታል። የድሮ ሽማግሎች ደግሞ የተበሳ ብር በቆጠራ አይቀበሉም ነበር። አንጥረኛ ደፍኖታል። የተበሳና የተደፈነ ብር ደግሞ አይዘልቅም፤ ድምፁ ይሞታል። ይህንን የማላውቅ ሰው አይደለሁም። ይህንን በዚህ አገር ከእኔ በላይ የሚያውቅ የለም። ረጅሙ «ከአንገቷ ፈታችው» ሲለኝ ቀዳዳውን በቃሉ እያሳየኝ ነበር፤ እኔ ለሳቅ አዋልኩት።

ዳዊቱን ዘጋሁ። መነጽሩን መለስኩ። ቄሱ «ደገሙ?» አሉኝ። «ደገምኩ» አልኩ።

አሁን የምጽፈውን ለልጆቼም አልነገርኩም። ዓርብን ዝም አልኩ። ቅዳሜንም ዝም አልኩ። ለራሴ ብዙ ምክንያት ሰጠሁ፤ ምናልባት ዓይኔ ነው፣ ምናልባት ነገሩ በራሱ ይበርዳል፣ ምናልባት ወንድሙ አይመጣም። እውነተኛው ምክንያት ግን ከመስኮቱ ሥር ያለው ቦታዬ ነበር። «ፋዘርም ይሳሳታል ለካ» እንዳይሉኝ ነበር። ወጣቶቹ ረጅሙን «አቶ እርሳስ» ብለው ጠሩት። ከእነሱ አንዱ ቅዳሜ እኔን እየተመለከተ ሲጠራው ፈገግ አልኩለት። ቄሱ «ማልና ይለይልህ» ቢሉት ረጅሙ «አያቴ ስለሰጠችው እኔ እንዴት እምላለሁ አባ?» አላቸው።

ከዚህ ሁሉ የሚብሰው ውሃው ነው። በሁለቱም ቀን፣ ምግብ ሲመጣ፣ ረጅሙ ከበርሜሉ አጠገብ ተነሥቶ፣ ጀሪካኑን ይዞ መጣ።

«አባቴ፣ እጅዎን» አለኝ።

እጄን ዘረጋሁለት። እሱ ባስታጠበኝ እጅ በላሁ።

እሁድ ረፋዱ ላይ በሩ ተከፈተ። ጠባቂው የጢማሙን ስም ጠራና «ስንቅ መጥቶልሃል፣ ቶሎ!» አለው። ጢማሙ ነጠላ ጫማውን አጠለቀ። ረጅሙ ወደ ግድግዳው ዞረ።

መቼ እንደተነሣሁ አላውቅም። በአገራችን የበደለ ሰው ድንጋይ ተሸክሞ ነው ይቅርታ የሚጠይቀው። መጋዘኑ ውስጥ ድንጋይ አልነበረም። እስከ ግማሹ ውሃ የነበረበትን ቢጫውን ጀሪካን አንሥቼ ትከሻዬ ላይ ጫንኩትና በጢማሙና በበሩ መካከል ቆምኩ። ሰባ ዓመት አልፎኛል።

«ሳትወጣ ስማኝ» አልኩት። «ብሩ እውነተኛ ነው። ተበስቶ በእርሳስ የተደፈነ ነው፤ ድምፁ የሞተው ለዚያ ነው። ይህ ሰው እንዳለው ከአንገቷ ነው የተፈታው።»

«ምን?» አለ።

«መነጽር አልነበረኝም። ማየት አልችልም ማለት አፍሬ በጆሮዬ ፈረድኩ።» የቀረው ከጀሪካኑ ይከብድ ነበር። «ይህንንም ያወቅኩት ዛሬ አይደለም። ከዓርብ ጀምሮ አውቃለሁ።»

ከወጣቶቹ አንዱ «ኧረ ፋዘር!» አለ። ቄሱ ብሩን ከእጄ ተቀብለው መነጽራቸውን ሰኩ፤ ወደ ብርሃኑ አዞሩት። «ድፍን አለው» አሉ። ከዚያ እኔን ከመነጽራቸው በላይ አዩኝ። የዓርቡን ዳዊት ማስታወሳቸው ነው።

ጎንበስ ብዬ ወደ ረጅሙ ዞርኩ። ውሃው በአንገቴ ላይ ይንጠባጠብ ነበር።

«ያውርዱት አባቴ» አለኝ። «ውሃችን ይፈሳል።»

መጥቶ ራሱ አወረደልኝ።

ጠባቂው «ትወጣለህ አትወጣም?» ብሎ ጮኸ። ጢማሙ ብሩን ከቄሱ ተቀብሎ ድፍኑን በአውራ ጣቱ አሸት አሸት አደረገና ወጣ። ስንጠብቀው ጊዜው ረዘመብን። ሲመለስ የስንቁን ፌስታል በርሜሉ አጠገብ፣ ረጅሙ ፊት አኖረው፤ ጋቢውንም አምጥቶ አነጠፈ። በአገውኛ አንድ ነገር አለው። ረጅሙም መለሰለት። ለወንድሙ ምን እንደነገረው አልጠየቅኩም፤ ግን ከወንዙ ማዶ ክፉ ነገር አልተሰማም።

በዚያ ቀን ከመስኮቱ ሥር ለቅቄ ለአንድ አስም ላለበት ሰው ሰጠሁት። ማንም «ይቆዩ» አላለኝም። ሁለቱ ገበሬዎች ከእኔ ሁለት ወር ቀድመው ተፈቱ።

ዛሬ ተመልሼ ከሳጥኔ ፊት ነኝ። መነጽሬን ጎረቤቴ የሆነችው ሻይ ሻጭ በጨርቅ ጠቅልላ አቆይታልኝ ነበር። ሰባቱ ብሮች አልተመለሱም። ሰብሳቢዎቹ አሁንም ይመጣሉ፤ አሁንም ከእኔ የሚበልጥ የለም፤ ይህን አልክድም። ስለ እስሩም ሲጠይቁኝ ስለ ማዳበሪያው ሽታና ስለ ወጣቶቹ ደስ እያለኝ አወራለሁ። ሁለቱን ቀን ግን እዘላለሁ።

ባለፈው በጋ በአንድ ቅዳሜ ሁለት ገበሬዎች በርበሬ ሸጠው፣ ባዶ ጆንያቸውን በትከሻቸው ጥለው መጡ። ጢማሙ ከማተቡ ላይ ከረጢቷን ፈታና ብሩን ሳጥኔ ላይ አኖረ። አጠገቤ ከባሕር ዳር የመጣ ሰብሳቢ ነበር። አንሥቶ አየውና «ቀዳዳው ተደፍኗል፣ ፊቱም አልቋል፤ ከክብደቱ በላይ አያወጣም» ብሎ መለሰው። ልክ ነው። እኔም ለሌላ ሰው እንዲሁ እል ነበር።

መነጽሬን ሰክቼ ብሩን በሁለት እጄ ተቀበልኩት። ረጅሙ ሳጥኑ ላይ የነበረችውን የሻይ ማንኪያ አንሥቶ ወደ እኔ ዘረጋት። ዓይኑ ይስቅ ነበር።

«ድምፁንስ አይሰሙትም አባቴ?»

«ሰምቼዋለሁ» አልኩት።

በአገውኛ ተነጋግረው ሁለቱም ሳቁ። ምን እንዳሉ አልገባኝም፤ ግን ስለ ማን እንደሳቁ አውቃለሁ፤ የሚገባኝም ሳቅ ነው። ማንኪያዋን ተቀብዬ ኪሴ ውስጥ ከተትኳት፤ ሻይ ሻጯንም ለሦስት ሰው ሻይ እንድታመጣ፣ አስቀድማ ግን የእጅ ውሃ እንድታቀርብልኝ ነገርኳት። ውሃው ሲመጣ ተነሥቼ፣ የሁለቱንም እጅ እኔ አስታጠብኩ።