የጠራቢው ዋስ

በሩ ከኋላዬ ሲዘጋ መጀመሪያ ያየሁት ሰውን ሳይሆን ጣሪያውን ነበር። ቢያንስ ዛሬ የማስታውሰው እንዲህ ነው። ዕድሜዬ ከገፋ ወዲህ ትዝታዬን እንደ ምስክር ቃል እቆጥረዋለሁ፤ መስቀለኛ ጥያቄ ሳላቀርብለት አልቀበለውም።

የታሰርሁት ሸዋ ሮቢት ከተማ ዳር፣ ለጊዜው ማቆያ በተደረገ የእህል መጋዘን ውስጥ ነው። ምክንያቱ በአንድ ስብሰባ ላይ የተናገርኋቸው ሦስት ዓረፍተ ነገሮች ነበሩ። ሁለቱን ዛሬም እደግማቸዋለሁ፤ ሦስተኛውን ረስቼዋለሁ።

ከአርባ የማናንስ ሰዎች ነበርን። የቆላው ሙቀት ከጭቃው ግድግዳ አይወጣም። ከራሳችን በላይ፣ በአንድ ረጅም ጥርብ አግዳሚ እንጨት ላይ ያረፈ ቆጥ ነበር፤ በቆጡ ላይ የማሽላ ጆንያዎች ተደርድረዋል። ጠዋት ስንነሣ ፊታችን ላይ ደቃቅ ነጭ ዱቄት እናገኛለን። ማሽላው የሚፈስ መስሎን እናራግፈዋለን።

ከጎኔ የሚተኙት ከቀወት ገጠር የመጡ፣ በግምት እኩያዬ የሆኑ ሽማግሌ ነበሩ። ሥራቸው ለቤት የሚሆን እንጨት በእጅ መጥረብ ነው። ግርግር በነበረበት ሳምንት መጥረቢያቸውን ትከሻቸው ላይ አጋድመው በመንገድ ሲሄዱ ተያዙ። «ወዴት ነው?» ቢሏቸው «ቤት ልሠራ» አሉ። በዚያ ሳምንት ቤት የሚሠራ ሰው አልነበረምና የሚያምናቸው አላገኙም። መጥረቢያው የጦር መሣሪያ ተብሎ በማቆያው አዛዥ ክፍል ተቆለፈበት።

አንድ ጠዋት፣ ማክሰኞ ይመስለኛል፣ ግን አልምልበትም፣ ጠራቢው ከጉንጫቸው ላይ ዱቄቱን በጣታቸው ጠርገው አሸተቱት።

«መምህር፣» አሉኝ፤ ሥራዬን ከነገርኋቸው ጀምሮ ሌላ ስም አልሰጡኝም፤ «ይህ ማሽላ አይደለም። እንጨቱ ነው። ምስጥ እየበላው ነው።»

ቀና ብዬ አየሁ። አግዳሚው መሐሉ ላይ ወደ ታች ረግቧል።

«ማንኛውም አግዳሚ ትንሽ ይረግባል» አልሁ። «እስከ ዛሬ የቆመ ነገም ይቆማል።»

ስለ እንጨት የማውቀው አንድም ነገር አልነበረም። በረጅሙ የማስተማር ዘመኔ የተካንሁት ግን የማላውቀውን ነገር በሚያውቅ ሰው ድምፅ መናገርን ነው።

«በቃ፣ መምህር ካሉ ይቆማል!» አለ ከወዲያኛው ጥግ አንድ የአውቶቡስ ረዳት።

«የሚቆመውማ በወጉ ሲጫን ነው» አሉ ጠራቢው። «እንጨት እንደ ከብት ጀርባና ሆድ አለው። ጎበጥ ያለው ጀርባው ወደ ሰማይ ይደረጋል፤ ሸክም ሲያርፍበት ይቃናል። ይህን ግን ገልብጠው በሆዱ አሸከሙት። አህያ በሆዷ ትሸከማለች ወይ?»

«የቀወት አህያ ከሆነች ማን ያውቃል?» አለ ረዳቱ።

«የቀወት አህያ ይህን የሠራውን አናጢ ብታገኘው በርግጫ ትገድለው ነበር!»

ሁሉም ሳቀ። እኔም ሳቅሁ፤ በሳቁም ክርክሩን የረታሁ መሰለኝ።

ከሰዓት በኋላ አግዳሚው ጮኸ። አንድ ጊዜ ብቻ፣ ደረቅ አጥንት እንደሚሰበር። ዱቄቱ መሐል ወለሉ ላይ ረገፈ። አርባ ሰው በአንድ ጊዜ ወደ ግድግዳው ሸሸ። በዚያ ሌሊት ጉልበታችንን ደረታችን ላይ አጥፈን አደርን። «ይቆማል» ያልሁትን ማንም አላነሣብኝም። ቢያነሡብኝ ይቀለኝ ነበር።

በማግሥቱ ጠዋት አዛዡ መጥቶ ሽቅብ አየ። ወጣት፣ እንቅልፍ ያጣ ፊት የነበረው ሰው ነው።

«ጆንያው የታሸገ ንብረት ነው፤ ለማውረድ ትእዛዝ የለኝም» አለ። «እናንተንም የማዛውርበት ቤት የለኝም።»

«ግቢው ውስጥ ለማገዶ የመጣ የጥድ ግንድ አይቻለሁ» አሉ ጠራቢው። «ጥድን ምስጥ አይደፍረውም። መጥረቢያዬን ይስጡኝና እስከ አሥር ሰዓት ጠርቤ ምሰሶ አደርግበታለሁ። ያለዚያ፣ ወላሂ፣ ዝናብ ሲጥል ጆንያው እርጥበት ይጠጣል፤ ይኼ ሁሉ ነፍስ ከሥሩ ነው።»

«መጥረቢያ ይዞ ለተያዘ ሰው መጥረቢያ ልስጥ?»

«ሌላ ምን ይዤ ልያዝ? ጠራቢ ነኝ።»

አዛዡ የግቢውን ግንድ በበሩ አሻግሮ አየ። ከዚያ «እንግዲያው ዋስ ይጥሩ» አለ።

«ከየት?»

«ከዚሁ። መጥረቢያው ሰው ቢነካ ወይም እርስዎ ከግቢው ቢወጡ ዋሱ ይጠየቃል።»

ሁሉም መሬት መሬት አየ። እኔ በሕይወቴ ለማንም ዋስ ሆኜ አላውቅም። ሕግ ያነበበ ሰው ፊርማ ምን እንደሚያስከትል ያውቃል፤ የገዛ ወንድሜን ልጅ እንኳ በሰበብ መልሻለሁ። እጄን አነሣሁ። ድፍረት ነበር ብዬ ብጽፍ ደስ ባለኝ። ይበልጥ እውነት የሚመስለኝ ግን፣ ከትናንት ጀምሮ ያቺ «ይቆማል» ያልኋት ቃል ከአግዳሚው በላይ ከብዳኝ መቆየቷ ነው።

«ዋሱስ ቢጠፋ ማንን ልንይዝ ነው?» አለ በር ላይ የቆመው ጠባቂ። አዛዡ ሳይቀር ሳቀ።

መጥረቢያው ከተቆለፈበት ወጣ፤ እኔም እንደ ዋስ ተከትዬ ወደ ግቢው ወጣሁ። ግንዱን ሁለት ድንጋይ ላይ አጋደሙት። ጠራቢው ዙሪያውን ሦስት ጊዜ ዞሩት፤ መታ መታ አድርገው አዳመጡት። መስመር ለማስመር ክር ያስፈልግ ነበር፤ የእኛ ቀበቶና የጫማ ማሰሪያ ግን ሁሉ ተወስዷል። ከጋቢዬ ጠርዝ አንድ ክር መዝዤ ሰጠኋቸው። አጥፈው ገመዱትና ከማብሰያ ቤቱ ባመጡት የከሰል ውኃ ነከሩት።

«ጫፉን ይያዙልኝ፣ መምህር። እጅዎ ከተንቀጠቀጠ መስመሩ ይዋሻል።»

«ይንቀጠቀጣል እኮ።»

«እንግዲያው ጉልበትዎ ላይ ያሳርፉት። እኔም እንደዚያ ነው የማደርገው።»

ክሩን ወጥረው በሁለት ጣት አንሥተው ለቀቁት። ግንዱ ላይ ጥቁር ቀጥ ያለ መስመር ቀረ። «ቢስሚላህ» ብለው ጀመሩ። በመጀመሪያ በየክንድ ርቀቱ ወደ ጎን ቆረጡት፤ ቀጥሎ በቁርጦቹ መካከል ያለውን እንጨት ከእግራቸው ጣት አጠገብ እየገመሱ ጣሉት።

«እግርዎን፣ አባባ!» ብሎ ጮኸ ጠባቂው።

«ተወው ልጄ፤ አንተ ሳትወለድ ጀምሮ ጠብቄዋለሁ።»

ጥዱ ሲከፈት ሽታው ግቢውን ሞላው። ውስጥ የነበሩት በበሩ ስንጥቅ ተራ ገብተው ይስቡት እንደ ነበር በኋላ ነገሩኝ። እኔ ዓይኔን ከመጥረቢያው አልነቀልሁም። በየምቱ መካከል፣ እኝህ ሰው አሁን ቀና ብለው ወደ አጥሩ ቢያዩ ምን ይውጠኛል እያልሁ አስብ ነበር። አንድ ጊዜም አላዩም። መስመሩን ብቻ ነው ያዩት።

ምሰሶውን ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ፣ ከረገበው መሐል ሥር አቆሙት። በምሰሶውና በአግዳሚው መካከል የጥድ ሽብልቅ አስገብተው በመጥረቢያው ጀርባ ይመቱት ጀመር። በየምቱ አግዳሚው ያቃስታል፤ ዱቄቱ ይወርዳል። እኛ ግድግዳውን ተደግፈን መተንፈስ አቁመናል። በስንተኛው ምት እንደ ሆነ አላውቅም፣ ማቃሰቱ ቆመ። እንጨቱ አንድ ጣት ያህል ሽቅብ ተነሥቶ ነበር። ጠራቢው ምሰሶውን በመዳፋቸው ገፉት፤ አልነቃነቅ አለ።

«አልሐምዱሊላህ» አሉ። «ተመስገን» የሚል ድምፅ ከየጥጉ ተከተለ። ረዳቱ ሄዶ ልክ ከመሐሉ ሥር በጀርባው ተዘረረ። «የታባቱ! ሁለት እግሬን ዘርግቼ ልተኛበት!» አለ።

ጠባቂው መጥረቢያውን ለመቀበል እጁን ዘረጋ። ጠራቢው አልፈውት መጡ። ስለቱን በሽርጣቸው ጫፍ ጠረጉና እጀታውን ወደ እኔ አዙረው ከእግሬ ፊት አስቀመጡት።

«ያገኘሁት በዋሴ ነው» አሉ አዛዡን እያዩ። «የምመልሰውም ለዋሴ ነው። እናንተ ከሳቸው ተቀበሉ።»

ጠባቂው የዘረጋውን እጁን መለሰ። ጎንበስ ብዬ አነሣሁት። ካሰብሁት በላይ ይከብዳል፤ እጀታው ገና ይሞቃል። ጥቂት እርምጃ ተራምጄ በሁለት እጄ ለአዛዡ ሰጠሁት። እሱም በሁለት እጁ ተቀበለኝ።

«ዋስትናዎ ወርዷል» አለኝ በዝግታ።

ዝናቡ ከጥቂት ቀናት በኋላ መጣ። ሌሊቱን ሙሉ ጆሯችንን ወደ ላይ አድርገን አዳመጥን። ከዝናቡ ሌላ የሚሰማ ነገር አልነበረም።

ጠራቢው ከእኔ ቀድመው ተፈቱ። ሥራቸው ረድቷቸው ይሁን ወይም ተራቸው ደርሶ፣ አላውቅም። የጠሯቸው እኔ ለጥያቄ በወጣሁበት ሰዓት ነበርና መጥረቢያው ይመለስላቸው አይመለስላቸው አላየሁም። ከተፈታሁ በኋላ ስለዚያ መጋዘን ከሌላው ሁሉ ይልቅ የሚከነክነኝ ይህ ነበር። ዋስትናዬ ወርዷል ተባልሁ እንጂ ከእኔ ላይ የወረደ አልመሰለኝም።

ባለፈው በጋ በአውቶቡስ ወደ ሰሜን ስጓዝ ሸዋ ሮቢት ላይ አንድ ጎልማሳ ተሳፍሮ አጠገቤ ተቀመጠ። በአጣዬ የተቃጠለ ቤቱን እንደገና እየሠራ ነው። ከኋላ ለተቀመጠ ጓደኛው ስለ አንድ ሽማግሌ ያማርራል።

«አግዳሚውን ከሰቀልነው በኋላ አስወረደን እኮ! ካልገለበጣችሁት ብሎ ግማሽ ቀን ፈጀብን። ደግሞ ይሳደባል፤ ‹አህያ በሆዷ ትሸከማለች ወይ?› ይላል።»

ምናልባት ይህ የጠራቢዎች ሁሉ አባባል ይሆናል። ሆኖም ጠየቅሁት።

«መጥረቢያ ይዘው ነበር?»

ሰውየው በትዕግሥት አየኝ። «ያለ መጥረቢያ በምን ይጠርቡታል፣ አባባ?»

«እውነትህን ነው» አልሁት።

አውቶቡስ ውስጥ እንቅልፍ ወስዶኝ አያውቅም ነበር። ያን ቀን እስከ አጣዬ ተኛሁ።