ተገልብጣ የዋለችው ላንድሮቨር

የዛገ የመኪና ወለል ለመበየድ ሁለት መንገድ አለ። አንዱ ቦዲውን ጎማ ባለው የብረት አልጋ ላይ አስቀምጦ ከሥሩ መጋደም ነው። ሌላው ፊትና ኋላውን በማቆሚያ ይዞ እንደፈለጉ ማገላበጥ ነው።

ጋሽ አዱኛ አሮጌ ላንድሮቨራቸውን አርብ ገበያ ወዳለው ጋራዤ ሲያመጡ፣ «በአልጋው ይሁንልኝ፤ ተገልብጣ ማየት አልወድም» አሉኝ። የአባታቸው ውርስ ነበረች። በእሷ ሰበብ ከታናሽ ወንድማቸው ጋር ተኳርፈው ዓመታት አልፈዋል። አሁን አሳድሰው ሊሰጡትና ሊታረቁ ነው።

እኔ ግን ማገላበጫውን መረጥሁ። በልጅነቴ ከመኪና ሥር ተጋድሜ የብየዳ ፍንጣሪ ደረቴ ላይ ሲዘንብብኝ ኖሬያለሁ። ጠባሳውን ለማንም አላሳይም።

አርብ፣ በገበያው ቀን፣ ጎማውን ፈትቼ ቦዲውን ሆዱን ወደ ሰማይ አድርጌ ስበይድ፣ ገበያተኛው በአጥሩ በኩል እያየ ከንፈሩን ይመጥጣል። ለዛገ ብረት ይህን ያህል ማዘኑ ገረመኝ። ቀርቦ የጠየቀኝ ግን የለም።

ከሰዓት በኋላ ጋሽ አዱኛ ሌላ ጉዳይ ሲያስፈጽሙ ውለው መጥተው አዩና ተቆጡ። ይቅርታ እየጠየቅሁ እስከ ቤታቸው ሸኘኋቸው። ስንደርስ ግቢው ውስጥ ድንኳን ተተክሏል፤ ማንም ሳያየን ከበሩ ጥግ ቆምን።

«ጠዋት መኪናዬን ልይ ብሎ እንደወጣ ቀረ! ተገልብጣ ጎማዋ እንኳ አልተረፈም አሉ!» ትላለች አንዲት ጎረቤት።

መልኩ ቁርጥ እሳቸውን የሆነ ጎልማሳ ደረቱን እየደቃ፣ «ወንድም ጋሼ፣ መኪናዋ ትቅርብኝ! የበደልሁህ እኔ ነኝ!» ይላል።

«በሕይወት አሉ፣ ደህና ናቸው!» ብዬ ልጮህ አፌን ስከፍት ጋሽ አዱኛ ክንዴን ያዙኝ።

«ቆይ» አሉ በሹክሹክታ፤ «ይጨርስ።»