ዝናብ የማያጥበው ስም

ጎረቤቴ ቲቶ በሚዛን ተፈሪ ገበያ አጠገብ የመስኮት መስታወት ይቆርጣል። እኔ ከግድግዳው ማዶ አናጢ ነኝ። የእሱ ሙያ የመስታወቱን ፊት ጭሮ መስበር ነው፤ ያልተጫረ መስታወት አይታዘዝም ይላል።

ሆሳዕና የምትባለው ልጁ አዲስ አበባ ፊዚክስ ስታጠና፣ ለሱቁ ታፔላ የሚሆን ወፍራም መስታወት ይዛለት መጣች። ውስጡ «ቲቶ» የሚል ነጭ ጽሑፍ አለ። ቲቶ ጭረቱን ፍለጋ የመስታወቱን ፊት በጥፍሩ ዳሰሰ፤ አጣው። ገልብጦም ዳሰሰ።

«አባዬ፣ በሌዘር ነው የጻፍኩት» አለችው። «ደካማ ብርሃን መስታወትን ዝም ብሎ ያልፋል። ከዓይን ጥቅሻ እጅግ ያጠረ ኃይለኛ ብርሃን ውስጡ አንድ ነጥብ ላይ ሲሰበሰብ ግን መስታወቱ ራሱ ብርሃኑን ይመጥጠዋል። ፊቱ ሳይነካ ከውስጥ ይሰነጠቃል። የታፔላህን ቀለም ዝናቡ በየክረምቱ ያጥብብሃል፤ እዚህ ግን አይደርስም።»

በዓመቱ ከቴፒ ስትመለስ የተሳፈረችበት መኪና ተገለበጠ።

የመቃብሯን የእንጨት ሰሌዳ እኔ ሠርቼ «ሆሳዕና ቲቶ» ብዬ በቀለም ጻፍኩበት። እሱ የመስታወት ታፔላውን ከሱቁ ነቅሎ አመጣና ከሰሌዳው ሥር በሲሚንቶ ተከለው። እጇ ያረፈበት ሌላ ነገር የለውም፤ ምን ልበለው።

ክረምቱ ሲወጣ አብረን ሄድን። ቀለሜ ታጥቦ አልቋል። መቃብሩ ላይ የሚነበበው «ቲቶ» ብቻ ነው፤ የተቀበረው እሱ ይመስላል። በራሴ ተናደድኩ።

«ዛሬውኑ አድሼ እጽፈዋለሁ» አልኩት።

መስታወቱን በእጅጌው ጠረገ።

«ተወው» አለኝ። «መሆን የነበረበትስ እንዲህ ነበር።»