ከበሩ ውጭ የቆሙት

ኑርጃን ዝናብ ጣለ ቢሏት መስኮት ከፍታ ካላየች የማታምን ሴት ናት። እንጀራዋም ይኸው ጥርጣሬዋ ነው፤ መካነ ሰላም ተቀምጣ ፌስቡክና ቴሌግራም ላይ የሚናፈሰውን ወሬ እያጣራች አዲስ አበባ ላለ የጥናት ቡድን ትልካለች። የሐሰት ሎተሪ፣ የሐሰት ቪዛ፣ ሳይቃጠል ተቃጠለ የተባለ መስጊድ፣ ያላየችው የለም። አጭበርባሪው ሁሌም የማታውቀው ሰው ስለነበር እንቅልፍ አልነሳትም።

ሰኞ ጠዋት ግን ስልኳ ላይ የገዛ አባቷ ብቅ አሉ። አቶ ሷሊህ ነጭ ኮፍያቸውን አድርገው፣ ከሌሎች ሙስሊሞች ጋር ከቤተ ክርስቲያን በር ውጭ ቆመዋል። የጎረቤታቸው የአቶ አበጋዝ ቀብር ዕለት ነው። ከሥሩ «እስላሞቹ ክርስቲያን አንቀብርም አሉ» ይላል። አንዱ ደግሞ «ባለ ኮፍያው ሽማግሌ ቤቱ የት ነው?» ብሎ ይጠይቃል። ኑርጃን አባቷን ከቤት እንዳይወጡ ለመነቻቸው።

ፎቶው እውነተኛ ነው፤ የሚዋሸው ጽሑፉ ነው። እስላም ክርስቲያኑን አንድ ላይ የሚያቀባብረው የሰፈሩ ቅሬ ልማዱ እንዲህ ነው፤ ሙስሊሞቹ አስከሬኑን ተጋግዘው እስከ በሩ ያደርሳሉ፣ ፍትሐቱ እስኪያልቅ ውጭ ይጠብቃሉ፣ ከዚያ አብረው ለቅሶ ቤት ይገባሉ።

ይሁንና ፎቶው የተነሳው ከቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ውስጥ፣ ከቀባሪዎቹ መሃል ነው። ያነሳው እንግዲህ የራሳቸው የቅሬ ሰው ነው! ከዚያ ወዲያ የማንም ሰላምታ አልዋጥላት አለ። ባለሱቁንም ዲያቆኑንም ጠረጠረች። ጥያቄዋ ሲበዛ ሰዉም «የማን ጆሮ ጠቢ ሆነሽ ነው?» ይላት ጀመር።

በመጨረሻ የደረሰችው የሟቹ ልጅ ጋሹ ዘንድ ነው። ጋሹ አልካደም፤ ክርስቲያንም ቢሆን በሰፈሩ ልማድ ወላሂ ብሎ ማለላት።

«ወላሂ ኑርጃን፣ ቤይሩት ላለችው እህቴ ነው የላክሁት። የአባቷ ቀብር አመለጣት። ጋሽ ሷሊህ እንኳ ፀሐይ ላይ ቆመው እየጠበቁን ነው ብዬ ላሳያት ነው።»

እህቱ አልቅሳ፣ አመስግና ፌስቡክ ላይ ለጥፋዋለች። አንድ ስም የለሽ ገጽ ምስጋናውን ቆርጦ ጥሎ የራሱን መርዝ ጻፈበት።

ጋሹ ያንኑ ቀን በገዛ ስሙ እውነቱን አወጣ። መጀመሪያ የመጣለት መልስ «ስንት ተከፈለህ?» የሚል ነበር።

ኑርጃን ቤት ገብታ ለአባቷ ሁሉንም ነገረቻቸው። «ያብሽሩ አባዬ፣ ተጣርቷል፤ ጋሹ ክፉ አላሰበም» አለች።

አዛውንቱ ስልኩን ተቀብለው ፎቶውን አዩት።

«እሱስ ልጄ ነው፣ አልጠረጥረውም» አሉ። «ግን ኑሬ፣ ከእንግዲህ ቀብር ስንወጣ የት ብቆም ነው ደግ?»