የመወልወያው እጀታ

የመጀመሪያው ቀን ሥራዬ ምንጣፍ ማጽዳትና መጠቅለል ነበር። አረብ አገር፣ አል ጋርሁድ በሚባል ሰፈር፣ ከኤርፖርቱ አጠገብ ባለ ሕንፃ፣ አንዲት ሕንዳዊት የኬረላ ሴት ዮጋ የምታስተምርበት አዳራሽ ውስጥ በጽዳት ሠራተኝነት ተቀጠርኩ። ከዚያ በፊት አጅማን የሰው ቤት ሠርቼ ኮንትራቴን ጨርሻለሁ። ስለ ዮጋ የማውቀው ሰዎች ከፍለው መሬት ላይ እንደሚተኙ ብቻ ነው። መሬት ላይ መተኛት እኛ አገር በነፃ ነው ብዬ በሆዴ ስቄያለሁ።

ሴትየዋ ሱጃታ ትባላለች፤ ሁላችንም መምህርት ነው የምንላት። በተሰባበረ አረብኛና በተሰባበረ እንግሊዝኛ እንግባባ ነበር። አሠራሩን ራሷ አሳየችኝ። ማጽጃው ይረጫል፣ ምንጣፉ ከራስጌ ወደ ግርጌ በጨርቅ ይወለወላል፣ ተገልብጦ ጀርባውም እንደዚያው ይደረጋል፣ መስቀያ ላይ ይደርቃል። ሲጠቀለል መጀመሪያ ፊቱ ወደ ውስጥ ሆኖ ለሁለት ይታጠፋል። አለዚያ ወለል የነካው ጀርባ ሰው ፊቱን የሚያሳርፍበትን ቦታ ያቆሽሸዋል።

እጄ ፈጣን ነው። አንዱን ረድፍ ጨርሼ ቀና ስል መምህርት ቆማ ታየኛለች።

"አስካለ፣ እዚህ ምንጣፍ ላይ ማን ነው የሚተኛው?"

"እኔ ምን አውቃለሁ መምህርት፤ ደንበኛ ነዋ።"

"ደክሞት የሚመጣ ሰው ነው። መጀመሪያ ደግ ተመኚለት፣ ከዚያ ጠቅልዪ።"

ይቺ ሴት ሥራ የፈታች ናት አልኩ። አጅማን ማዳሜ ቤት ከ"ያላ፣ ቶሎ በይ" በቀር የሰማሁት ምክር አልነበረም። የማላውቀውን ሰው ደግሞ እንዴት አድርጌ ነው የምወደው? ግን እንጀራዬ ነውና ታዘዝኩ። ባልወዳቸውም "እግዜር ያሳርፋችሁ" ማለት አያቅተኝም። ምንጣፍ ባነሳሁ ቁጥር እንደዚያ እያልኩ መጠቅለል ያዝኩ።

ስል ስል እጄ ረጋ አለ። መጀመሪያ ያስተዋልኩት እሱን ነው። ድሮ እንደ ጆንያ እወረውረው የነበረውን ረጅም ትራስ አሁን አስቀምጠዋለሁ። ደንበኞቹ በትምህርቱ መጨረሻ በጀርባቸው ተኝተው ሲያርፉ ብርድ ልብስ የማልበሱ ሥራ የእኔ ነበር። አንዲት የአውሮፕላን አስተናጋጅ እግሯ አብጦ ትመጣለች። ታናሽ እህቴን እንደማስተኛት የብርድ ልብሱን ጫፍ ከተረከዟ ሥር አስገባሁላት። በሌላ ጊዜ ስትመጣ ገና ከበሩ ሆና፣ "ብርድ ልብስ የምታለብሰው ልጅ አለች?" ብላ ጠየቀች። መምህርት ሰምታ ፈገግ አለች። ያን ቀን ሜትሮ ባቡር ውስጥ ወንበር እያለ ቆሜ ነው ወደ ቤቴ የሄድኩት፤ ደስታው አላስቀምጥ ብሎኝ።

ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል። ከጽዳት ወደ ረዳትነት ከፍ አልኩ። ረዳት ማለት ተማሪ ሲሳሳት ጉልበቱን፣ ትከሻውን የምታቃና ናት። መምህርት ጠዋት ጠዋት ለብቻዬ አስተማረችኝ፣ ፈተነችኝ፣ በመጨረሻም ወገባቸውን የሚያማቸውን ሰዎች ክፍል ለእኔ ሰጠችኝ። መጥረጊያ ይዤ በገባሁበት አዳራሽ ፊት ለፊት ተቀምጬ "ትንፋሽ ወደ ውስጥ" አልኩ። ለምን እዋሻለሁ፣ ኮራሁ። ዛሬም እኮራለሁ።

አገራችን ወደ አረብ አገር የሠራተኛ ጉዞ ያገደችው በዚያው ሰሞን ነው። በኤጀንሲ የሚመጣ ሰው ቀረ። እዚህ ያለነውም ለዕረፍት መሄድ ፈራን። አገር የገባ መውጫ የለውም ይባል ነበር። እናት ሞታባቸው እዚሁ ሆነው ያለቀሱ አውቃለሁ።

ጓደኛዬ እታገኝ ሻርጃ የሰው ቤት ትሠራ ነበር። የጎጃም ልጅ ናት። ዓርብ ዓርብ ዕረፍቷን እኔ ቤድ ስፔስ፣ ማለት አንድ አልጋ ብቻ፣ ወደ ተከራየሁበት ቤት፣ አል ሙራቃባት፣ እየመጣች ታሳልፋለች። አንድ ዓርብ ደረጃውን በግድግዳ ተደግፋ ወጣች።

"ወገቤ ከድቶኛል" አለችኝ። "ማዳም እስከ ዒድ ካልተሻለሽ ኸላስ፣ ትኬትሽን እቆርጣለሁ አለች።"

ሁለት ልጆቿ እናቷ ዘንድ ሆነው ይማራሉ፤ የሚማሩት በእሷ ነው። ዒድ የቀረው ከወር ትንሽ ቢበልጥ ነው። ከሄደች ደግሞ መመለሻ የለም።

"ተኚ፣ ላሳይሽ" አልኳት።

"ዮጋሽን ተዪኝ፣ የባዕድ አምልኮ ነው። የእኔ ወገብ የሚያጎነብሰው ለፈጣሪ ብቻ ነው።"

"ለባልዲም ሲያጎነብስ ነው የሚውለው። እኔ የማስተምርሽ አከርካሪሽን ነው፤ ጸሎትሽን ይዘሽ ነይ።"

ሳቋ አመለጣት። በስመ አብ ብላ አማትባ በሁለቱ ተደራራቢ አልጋዎች መካከል ተጋደመች። ጉልበት ወደ ደረት፣ ቀስ ብሎ ወደ ጎን፣ ከትንፋሽ ጋር። ስትነሳ ቀለላት። የሚቀጥለው ዓርብ ግን ብሶባት መጣች። የሚቀጥለውም እንደዚያው። የፓይለት ወገብ ያቃናሁ ሴት የአገሬን ልጅ ወገብ ማቃናት ሲያቅተኝ በጣም ተናደድኩ። ረመዳን ገብቷል፤ ቀኑ እያለቀ ነው። ስትሠራ ማየት አለብኝ ብዬ ማዳሟን በስልክ አስፈቅጄ ሻርጃ ሄድኩ።

ማዳም በሩን ራሷ ከፈተችልኝ። ክፉ ሴት አይደለችም፤ ጨንቋታል። "እናቴ ብቻዋን መነሳት አትችልም" አለችኝ። "የሚያነሳት ሰው እፈልጋለሁ። ይቺ ከሄደች ከአገራችሁ ሌላ አይመጣልኝም። ካልሄደች ደግሞ ሁለት በሽተኛ ቤቴ አለ። ዋላሂ፣ ምን ላድርግ?"

እናትየውን ቤቱ ሁሉ ሐጃ ይላቸዋል። እታገኝ የእሳቸውን ክፍል ስትወለውል ገባሁ። ቆሜ አየሁና ራሴን ያዝኩ። የመወልወያው እጀታ ተስቦ የሚረዝም ዓይነት ነው። እሷ እስከ መጨረሻው ድረስ ወደ ውስጥ አስገብታ አሳጥራዋለች። ጉልበቷን ሳታጥፍ ከወገቧ አጎንብሳ፣ አገር ቤት በአጭር መጥረጊያ ግቢ እንደምንጠርገው፣ ከዳር እስከ ዳር ትወለውላለች። ያን ሁሉ ክፍል፣ በየቀኑ።

"ማነው ያሳጠረው?"

"እኔ ነኛ።"

"ለምን?"

እንደ ሞኝ አየችኝ። "ሐጃ የሚሰግዱበት ወለል አይደል? ቆሜ ልወልውለው? እናቴ ቆሞ መጥረግ ንቀት ነው ብላ ነው ያሳደገችኝ። ዳተኛ ናት ልባል እንዴ?"

እኔም እንደዚያው ነው ያደግሁት። እናቴ ቀጥ ብዬ ስጠርግ ካየች "ምን ይገትርሻል?" ትለኝ ነበር። መምህርት እኔን ደግ ተመኚ ብላ ለማስተማር ስንት ደከመች። እታገኝ ዘንድ መመኘቱ ሞልቶ ተርፏል፤ የጎደለው እጀታ ነው።

መወልወያውን ተቀብዬ እጀታውን ስቤ እስከ አገጯ አደረስኩት። "ቁሚ" አልኳት። "ጀርባሽ ቀጥ ይበል። እግርሽን አንዱን ከፊት፣ አንዱን ከኋላ። ዝቅ ማለት ሲያስፈልግሽ ጉልበትሽን እጠፊ። ስትገፊ ትንፋሽ ታወጫለሽ።"

"ሐጃ ያዩኛል" አለች በሹክሹክታ።

"ይዩሽ።"

ሐጃ አልጋቸው ላይ ሆነው አዩ። እታገኝ እያፈረች፣ ቀጥ ብላ፣ ክፍሉን ወለወለች። ስትጨርስ ሐጃ በአረብኛ አንድ ነገር አሉ። "ምን አሉ?" አልኩ፤ የአሮጊት አረብኛ አይገባኝም። እታገኝ ነገረችኝ። "ዛሬ ገና ፊትሽን አየሁት አሉኝ።" አንገቷን ደፍታ አለቀሰች።

በቀረው ጊዜ ሐጃን ማንሳት አስተማርኳት። ቀርቦ መቆም፣ ጉልበት ማጠፍ፣ ሐጃ ክንዳቸውን ትከሻዋ ላይ አድርገው አብረው ትንፋሽ መሳብ፣ ሲያወጡ አብረው መነሳት። ሐጃ ወደዱት። ትንፋሹን እሳቸው ያዙ፤ እሷን ይመሯት ጀመር።

የሚቀጥለው ዓርብ ደረጃውን ግድግዳ ሳትይዝ ወጣች። ከዚያ በኋላ ከወገቧ ይልቅ ስለ ልጆቿ ታወራኝ ጀመር። ለዒድ ማዳም ጠራችኝና ሄድኩ። እንግዳው ቤቱን ሞልቶታል። ሐጃ በእታገኝ ትከሻ፣ አንዴ ተንፍሰው፣ ብድግ ብለው ወደ እንግዳ ክፍል ገቡ። ማዳም አየቻቸው።

"ለእታገኝ ምን መድኃኒት ሰጠሻት?" አለችኝ።

"እጀታውን አስረዘምኩላት።"

የቀለድኩ መስሏት ሳቀች። ከዚያ ወደ እታገኝ ዞራ "ሙሽኪላ የለም፣ ችግር የለም፤ ትቆያለሽ" አለቻት። እታገኝ ሐጃን አስቀምጣ ትራሳቸውን አስተካከለች።

እገዳው እስኪነሳ እዚያው ሠራች። ሲነሳ በፈቃዷ አገሯ ገባች፤ ልጆቿም ትምህርታቸውን እየገፉ ነበር። አንድ ቀን ደወለችልኝ። ለእናቷ መጥረጊያ ረጅም እንጨት አስራላቸው ኖሯል።

"ተቆጡ?" አልኳት።

"ገትረሽኝ ሰው ምን ይለኛል አለች። አሁን ግን ቆማ ነው የምትጠርገው። አስካለ፣ እናቴ ለካ ረጅም ናት።"

እኔም እዚያው አዳራሽ ብዙ ዘመን አስተማርኩ። አዲስ የጽዳት ሠራተኛ በመጣች ቁጥር የመጀመሪያውን ቀን የማሳያት እኔ ነበርኩ፤ ለሌላ ሰው ሰጥቼ አላውቅም። ምንጣፉ ከመታጠፉ በፊት የምነግራት ይህን ነው። መጀመሪያ እጀታውን በቁመትሽ ልክ አድርጊ። ከዚያ ለማን እንደምትሠሪ አስቢ።